ከአጎቴ ያገኘሁት የቴምብር አልበም፦ ከየት ልጀምር? ዋጋስ አለው?

የአጎቴ_አልበም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አጎቴ ቤት ሊቀይር ዕቃ ሲያወጣ አንድ ካርቶን አቀበለኝ። «አንቺ ወረቀት ትወጃለሽ፣ ውሰጂው» አለኝ። ሁለት አልበም፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ልቅ ቴምብር፣ በላስቲክ የታሰሩ ሠላሳ ምናምን አሮጌ ፖስታዎች። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ነው የተማረው፤ ብዙው ከዚያ ነው። ከፖስታዎቹ ጥቂቶቹ ግን የአያቴ ናቸው። አያቴ ድሬዳዋ ነጋዴ ነበር።

እኔ ስለ ቴምብር የማውቀው ውል ላይ እንደሚለጠፍ ብቻ ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ዋጋ አለው ወይ? የአልበሙ መጀመሪያ ገጽ ላይ የአፄ ምኒልክ ምስል ያለባቸው አሉ፤ ሳያቸው ልቤ ደነገጠ። ሁለተኛ፣ ፖስታዎቹ ቦታ ስለሚይዙ ቴምብሩን በመቀስ ቆርጬ ሌላውን ልጥለው አስቤያለሁ። ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ «ላሚኔት አስደርጊያቸው፣ ዕድሜ ልክ ይቆያሉ» ብላኛለች። ነገ ፎቶ ኮፒ ቤት ልወስዳቸው ነው።

ጡረተኛው_ፖስተኛ

ልጄ፣ ነገ የትም አትሂጂ። መቀሱንም ቦታው መልሺው።

ላሚኔት የገባ ቴምብር የሞተ ቴምብር ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ ሳይቀደድ የሚላቀቅበት መንገድ የለም። ጎረቤትሽ ክፉ አላሰበችም፤ ዲግሪና የልደት ካርድ እንዲሁ አይደል የምናደርገው። ለቴምብር ግን አይሆንም።

መቀሱን በተመለከተ ከራሴ ልጀምር። ልጅ ሆኜ አባቴ መሳቢያ ውስጥ የነበሩትን ደብዳቤዎች በሙሉ ቆራርጬ ቴምብሮቹን ደብተር ላይ በስንዴ ሊጥ ለጥፌያለሁ። አዎ፣ በሊጥ። ክረምት ሲገባ ትንኝ አወጣ፣ ሻገተ፣ አይጥ ጨረሰው። በኋላ ፖስታ ቤት ተቀጥሬ መስኮት ላይ ስቀመጥ ነው ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ።

ፖስታው ሙሉ ሲሆን ይናገራል። ማን ለማን ላከ፣ ከየት ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ተከፍሎ፣ በየት በኩል አልፎ። ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፤ የደረሰበት ከተማ ማህተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ስትቆርጪው የማህተሙ ግማሽ ከቴምብሩ ጋር ይቀራል፣ ግማሹ ቅርጫት ይገባል። እጅሽ ላይ የሚቀረው ከቆርቆሮው ውስጥ እንዳሉት መቶዎች አንዱ ነው።

ለምሳሌ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ አያሻግርም ነበር። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚጽፍ ሰው የኛንም ለጥፎ፣ የጅቡቲውን የፈረንሳይ ቴምብርም ይጨምር ነበር። የሁለት አገር ቴምብር በአንድ ፖስታ ላይ! እንዲህ ያለውን ቆርጠሽ ብትለያዪው ምን እንደምታጠፊ አስቢው።

ድሬ_ልጅ

ጋሼ በሊጥ ያሉት ገደለኝ 😂 እኛ ቤት ደግሞ ታላቅ ወንድሜ በስኮች ነበር የሚለጥፈው። ዛሬ ስኮቹ ራሱ ረግፎ ወድቋል፣ ቢጫው ቡናማ እድፍ ግን ቴምብሩ ላይ ቀርቷል።

ያያትሽን ፖስታዎች ፎቶ አንሺና አሳዪን እስቲ። ስምና አድራሻውን ሸፍኚው።

ገዢ_በጥሬ_ገንዘብ

ሰላም ወንድሜ። ሙሉ ካርቶኑን 8,000 ብር እወስዳለሁ። ዛሬውኑ። ፖስታዎቹን ብቻም ቢሆን እወስዳለሁ።

የአጎቴ_አልበም

እህትህ ነኝ፤ «አንቺ» የሚለውን አላየኸውም መሰለኝ። ግን 8,000 ብር መጥፎ አይደለም አይደል እንዴ? ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ዲሲ_ነዋሪ

ሰውየው አልበሙን ትቶ ፖስታውን ብቻ እወስዳለሁ ማለቱን ልብ በይ። ጽሑፉን አላነበበም፣ የሚፈልገውን ግን አውቆታል 🙂 ዋጋውን ሳታውቂ ምንም አትሽጪ። ቴምብሩ እንደሆነ አይሸሽም፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ካርቶን ውስጥ ቆይቷል።

አሁን ወደ ምኒልክ ልምጣ። ቅር እንዳይልሽ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. የወጡት ሰባቱ ናቸው። ፓሪስ ነው የታተሙት፤ ቅርጹን የሠራው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። በትናንሾቹ አራት ዋጋዎች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት አለ፣ በትላልቆቹ ሦስት ላይ ዘውድ የጫነው አንበሳ። ቆንጆ ናቸው፣ ታሪካዊ ናቸው። ውድ ግን አይደሉም። በጊዜው ፓሪስ ውስጥ ለሰብሳቢዎች በብዛት ተሸጠዋል። ፖስታ ላይ ሳይለጠፍ በየአልበሙ የቀረው ከተለጠፈው ይበልጣል። እኔ ሰባቱንም ያልተለጠፉ የገዛሁት እዚህ ዲሲ ሁለት ክትፎ በምበላበት ሂሳብ ነው።

ይሄ ጀማሪን የሚያስደነግጠው የመጀመሪያው ነገር ነው። እድሜ ማለት ዋጋ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ የእንግሊዙ ጥቁር ፔኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ወጣ። ከ68 ሚሊዮን በላይ ነው የታተመው። ዛሬም ገንዘብ ያለው ሰው ሲፈልግ ያገኘዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1856 የወጣው የብሪቲሽ ጊያና ባለ 1 ሳንቲም ቴምብር በዓለም አንድ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 8.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። መልኩን ብታዪው የተረገጠ ወረቀት ነው የሚመስለው። ዋጋ የሚያወጣው ስንት ቀረ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚለው ነው።

ሻርጃ_ነኝ

እኔም የራሴን ውርደት ልናገር። እዚህ ሥራ እንደጀመርኩ የአሠሪዬ አባት አንድ ከረጢት ሙሉ ቴምብር ሰጡኝ። ትላልቅ፣ ባለ ወርቅ ቀለም፣ የጠፈር መንኮራኩር፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥዕል፣ እግር ኳስ። አጅማን፣ ፉጃይራ፣ ኡም አል ቁዋይን፣ ራስ አል ኸይማ፣ ሻርጃ የሚል ተጽፎበታል። እነዚህ ዛሬ የኤምሬትስ አካል ናቸው፤ በራሳቸው ስም ቴምብር ያወጡ የነበረው እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ገደማ ድረስ ብቻ ነው። «የጠፋ መንግሥት ቴምብር!» ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቴ ደውዬ ጣሪያውን ቆርቆሮ እንቀይራለን አልኳት።

ለካ በዚያን ጊዜ የውጭ ነጋዴዎች ከሼኾቹ ጋር ተዋውለው ለሰብሳቢ ብቻ በገፍ ያሳትሙ ነበር። ደብዳቤ ላይ የተለጠፈው ጥቂት ነው። ሰብሳቢዎች «የአሸዋ ክምር አገሮች» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ በኪሎ ነው የሚሸጡት። ጣሪያው እስካሁን አልተቀየረም።

ለሰብሳቢ ብቻ የታተመውን እንዴት እንደምትለዪው ልንገርሽ። ቴምብሩ ማህተም አለበት፣ ገልብጠሽ ስታዪው ግን ሙጫው እንዳለ ነው። እንዴት ሆኖ ተላከ? አልተላከም። እዚያው ማተሚያ ቤት ማዕዘኑ ላይ ተመቶ የወጣ ነው። ማህተሙም ንጹህ፣ ሁልጊዜ አንድ ማዕዘን ላይ፣ ሩብ ክብ ሆኖ ይቀመጣል።

የአጎቴ_አልበም

ወይኔ! አሁን ሄጄ አየሁ። የሶቭየቶቹ ግማሽ ያህሉ እንደዛ ናቸው። የሀንጋሪና የፖላንድም። ሙጫው ጀርባቸው ላይ ያበራል።

ዲሲ_ነዋሪ

አዎ፣ ያኔ የምሥራቁ አገሮች ለውጭ ምንዛሪ ሲሉ እንዲህ እየመቱ በፓኬት ይሸጡ ነበር። አትጣያቸው። ለመማሪያ ግሩም ናቸው፤ ብታበላሺውም አታለቅሺም። ወረንጦ መያዝ፣ መደርደር፣ የጠርዙን ጥርስ መቁጠር በእነሱ ላይ ተለማመጂ።

ጡረተኛው_ፖስተኛ

ወረንጦ ካነሳህ ዘንዳ፣ እጅን ልናገር። የጣት ቅባት አይታይም። ከዓመታት በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ በወረንጦ ብቻ። የቅንድብ መንቀያው ሹል ነው፣ ይወጋል፤ ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነውን ፈልጊ።

ሌላው ጥርሱ ነው። ዙሪያውን ያለውን ጥርስ አንድ በአንድ እዪ። አንድ ጥርስ የጎደለው፣ ማዕዘኑ የታጠፈ፣ መሀሉ የተሰበረ ቴምብር ዋጋው ወርዷል በይ። ከዚያ ወደ መስኮት አንሺው። ብርሃን በአንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ካለፈ፣ እዚያ ጀርባው ሳስቷል ማለት ነው፤ አንድ ሰው ከአልበም ላይ በግድ ልጦታል። ከፊት ሲያዩት ምንም አይልም። ብዙ ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ከነታንያ

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ስለ «ጥርስ» ከሆነ አንድ ልጨምር። የእስራኤል ቴምብር ብዙ ሆኖ በአንድ ትልቅ ወረቀት ሲታተም፣ የታችኛው ረድፍ ቴምብር ጽሑፍ ያለባት ተቀጥላ አለችው። ሾቬል ይሏታል፤ የሙሽራ ቀሚስ ጅራት እንደማለት። አገሬው ከነሾቬሏ ነው የሚሰበስበው። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1948 ሲወጡ የአገሩ ስም ገና አልተወሰነም ነበርና «ዶአር ኢቭሪ» ነው የሚሉት፣ የዕብራውያን ፖስታ ማለት ነው። የእነዚያ ከነሾቬላቸው ዋጋ ሾቬል ከሌላቸው ጋር አይገናኝም።

ባለቤቴ በመጣን ሰሞን ለመመሳሰል ብላ ሾቬሎቹን በሙሉ በጥንቃቄ ቆርጣ ጣለቻቸው። እስካሁን እንስቃለን። እሷ ትንሽ ነው የምትስቀው።

ቡና_በጠዋት

የተለጠፈ ቴምብር ከፖስታው እንዴት ነው የሚላቀቀው? ማለቴ ተራውን፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን።

ድሬ_ልጅ

ይሄን እኔ ልመልስ፣ እጄ የለመደው ነገር ነው።

ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ፤ የሞቀ አይደለም። የፖስታውን ቁራጭ ቴምብሩን ወደ ላይ አድርገሽ ታንሳፊዋለሽ። ከዚያ ሂጂ ቡና አፍዪ። አንደኛው እስኪቀዳ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ስትመለሺ ወረቀቱ በራሱ ተንሸራቶ ወርዶ ታገኚዋለሽ። ካልወረደ ተዪው። መጎተት የለም፤ እርጥብ ወረቀት እንደ ትኩስ እንጀራ ነው፣ ከያዝሽበት ይቀደዳል። ሲለቅ ጀርባውን በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፤ ሙጫው በጣት ሲነካ መንሸራተቱን እስኪያቆም። ከዚያ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ፊቱን ወደ ታች። ጋዜጣ ላይ በፍጹም፤ ቀለሙ ይጋባል። ሊደርቅ ሲል መጠቅለል ይጀምራል፤ ያኔ በነጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ወፍራም መጽሐፍ ትጭኚበታለሽ። እኔ የድሮውን የስልክ ማውጫ ነው የምጭነው፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ቀይ ወይም አረንጓዴ ፖስታ ከሆነ ለብቻው። አንዴ የገና ካርድ ቀይ ፖስታ ከሌሎቹ ጋር ዘፍዝፌ አርባ ቴምብር ሮዝ አድርጌያለሁ። አዲሶቹ እንደ ስቲከር የሚላጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ በውሃ አይላቀቁም፤ ከነወረቀታቸው ዙሪያቸውን ትንሽ ተርፎ ይቆረጡ።

ያልተለጠፈ፣ ሙጫው ያለ ቴምብር ግን ውሃ አይንካው። ሙጫው የዋጋው አካል ነው።

የአጎቴ_አልበም

እሺ ቆርቆሮው ገባኝ። አልበሙስ? አንዱ አልበም የሠርግ ፎቶ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው፣ ገጹ የሚያጣብቅ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ የሚከደን። ምኒልኮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ጡረተኛው_ፖስተኛ

ወይ ልጄ። እነሱን ቀስ ብለሽ፣ ዛሬውኑ ብትጀምሪ ጥሩ ነው። ያ የሚያጣብቅ ገጽ እየቆየ ይነክሳል። በጉልበት እንዳታነሺ። እምቢ ያለውን ከነገጹ ቁረጪና አስቀምጪው፤ የሚያውቅ ሰው ያየዋል።

ለቴምብር የሚሆነው ገጹ ላይ አግድም ኪስ ያለው አልበም ነው፤ ቴምብሩ ሳይለጠፍ ኪሱ ውስጥ ይቆማል። ለፖስታዎቹ ደግሞ ከየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ያገኘሽውን ለስላሳ፣ የሚሸት ፕላስቲክ አትግዢ። የሚሸተው ፕላስቲክ እየላበ ቀለም ይበላል።

አልበሙን እንደ መጽሐፍ አቁሚው፣ አታስተኚው፤ ሲተኛ ክብደቱ ሙጫውን ያጣብቃል። የክረምት እርጥበት ዋናው ጠላት ነው። ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁምሳጥን ውስጥ አይሁን። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አለ አይደል? አትጣይው፣ እሱን ጨምሪበት። በጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ አልበሙን ክፈቺና ቤት ውስጥ አናፍሺው። ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል።

ቡና_በጠዋት

እኔ ግን ጋሼ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በድሮዋ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ገጽ ላይ መደርደር ምን አለበት? አባቴ አርባ ዓመት እንዲያ ነው ያስቀመጠው፤ እንደ ኪሱ አልበም አያስጠላም፣ ያምራል።

ጡረተኛው_ፖስተኛ

ለተላከ፣ ማህተም ላረፈበት ቴምብር ምንም የለውም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ሙጫው ላለ አዲስ ቴምብር ግን ምልክት ይተዋል፣ ገዢ ደግሞ ያን ምልክት ያያል። የአባትሽን አትንኪው፣ እንዳለ ይቀመጥ።

የአጎቴ_አልበም

የአያቴን ፖስታዎች ሳገላብጥ አመሸሁ። ሦስቱ ላይ የንግሥት ዘውዲቱ እና የራስ ተፈሪ ምስል ያለበት ቴምብር አለ። አንዱ ላይ በቴምብሩ ላይ ሌላ ጽሑፍ ተጨምሮ ታትሞበታል። ስህተት ነው? ደግሞ ሁለት ልቅ ምኒልክ ላይ «ቦስታ» የሚል ጥቁር ጽሑፍ አለ።

ዲሲ_ነዋሪ

ስህተት አይደለም። የዘውዲቱና የተፈሪ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1928 ነው የወጣው። ከዚያ ተፈሪ ንጉሥ ሲሆኑ ያንኑ ቴምብር ወስደው ጽሑፍ አተሙበት። ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑም እንደገና። አዲስ ማሳተም ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባለው ላይ ጽሑፍ ማተም ይቀላል። ፖስታ ላይ ያለ፣ የከተማው ስምና ቀኑ የሚነበብ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ይዘሻል።

«ቦስታ»ው ላይ ግን ቀስ በይ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1902 በምኒልኮቹ ላይ የታተመ ነው፣ እውነተኛው አለ። ቴምብሩ ርካሽ፣ ጽሑፉ ያለበት ውድ ሲሆን ግን አጭበርባሪ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። የውሸቱ በየቦታው ሞልቷል። አንድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ማጉያ መነጽር ይዘሽ የፖስታ ቤቱ ማህተም እና «ቦስታ» የሚለው ጽሑፍ የተሻገሩበትን ቦታ ፈልጊ። ጽሑፉ መጀመሪያ፣ ማህተሙ በኋላ መምጣት አለበት። ስለዚህ የማህተሙ ቀለም ከላይ መሆን አለበት። የ«ቦስታ» ቀለም በማህተሙ ላይ ተደርቦ ካየሽ፣ ቴምብሩ ከተላከ በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያተመው ነው።

የእንስሳቱም እንዲሁ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ የታተሙት፣ ቀጭኔና ነብር ያሉባቸው። ድጋሚ የታተሙ አሉ። ያልተለጠፈ ካለሽ ጀርባውን እዪ፦ የመጀመሪያው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፣ የድጋሚው ወደ ቡናማ ያደላና በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው።

ቡና_በጠዋት

ዋጋውን ግን ማን ነው የሚናገረው? ካታሎግ የሚባለውን የቴምብር ዋጋ መጽሐፍ እዩ ይላሉ፤ አንዱ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቴምብር 500 ዶላር ብሎ ለጥፏል፣ እኔም ያው አለኝ!

ዲሲ_ነዋሪ

ለጥፏል። ሸጠው ወይ? እኔም አሮጌ ጫማዬን በሚሊዮን ልለጥፈው እችላለሁ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተጠየቀውን ትተሽ ተሽጦ ያለቀውን ብቻ እንዲያሳይሽ አድርጊው፤ እዚያ ላይ ነው እውነቱ ያለው።

ካታሎግ ጥሩ ነው፤ የአሜሪካው ስኮት፣ የእንግሊዙ ስታንሊ ጊበንስ፣ የጀርመኑ ሚሼል፣ የፈረንሳዩ ኢቬር። እያንዳንዱ ለቴምብሮቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጣል፣ ስትጽፊ የማንን ቁጥር እንደምትይ ግለጪ። ግን ካታሎግ ላይ ያለው ዋጋ ነጋዴ እንከን የሌለውን ለሰው የሚሸጥበት ነው። ካንቺ ሲገዛ የዚያን ትንሽ ክፍል ነው የሚሰጥሽ። ርካሾቹ ላይ ደግሞ የተጻፈው ዋጋ የነጋዴው የመደርደሪያ ድካም ነው፤ ቴምብሩ ራሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ገዢ_በጥሬ_ገንዘብ

15,000። የመጨረሻ።

ድሬ_ልጅ

ትናንት 8 ነበር፣ ዛሬ 15። ነገም እንጠብቅ እንዴ 😄

ጡረተኛው_ፖስተኛ

እኔ የምመክርሽ፣ ከመሸጥሽም ከመግዛትሽም በፊት አንድ ቀን ቸርችል ጎዳና ውጪ። ከዋናው ፖስታ ቤት ጋር የቴምብር ሙዚየም አለ። ከምኒልክ ጀምሮ በተራ ተደርድሯል። ያንቺን ፎቶ በስልክሽ ይዘሽ ሂጂና አስተያዪ፤ ቀለሙን፣ ጥርሱን፣ ጽሑፉን። ዓይን የሚለምደው እውነተኛውን ደጋግሞ በማየት ነው።

ለመጀመሪያም ሁሉን አገር አትሰብስቢ። አንድ ነገር ምረጪ። እኔ በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጡትን የወፎች ቴምብሮች ነው የጀመርኩት። ርካሽ ናቸው፣ ያምራሉ። አንቺ ግን የድሬዳዋ ማህተም እጅሽ ላይ አለ።

የአጎቴ_አልበም

ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቆምኩ፣ እግሬ አበጠ። «ቦስታ» ካለባቸው ምኒልኮች አንዱ በማጉያ ሳየው ጽሑፉ ማህተሙ ላይ ተደርቧል። የውሸት። ሁለተኛው ማህተም ስለሌለው አልለየሁትም። የአያቴ ፖስታዎች ሰባት ናቸው፤ አራቱ ላይ የድሬዳዋ ማህተም ይነበባል፣ አንዱ ጀርባ ላይ ጅቡቲ አለ። እነሱን አልሸጥም። አጎቴን ስጠይቀው የአያቴን የእጅ ጽሑፍ አይቶ «ቁጥር ሲጽፍ 7ን እንዲህ ነበር የሚቆርጣት» አለኝ።

የሀንጋሪዎቹን ለሰፈር ልጆች ሰጠሁ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወረንጦ ግን ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁ። የት ይገኛል?

ድሬ_ልጅ

የሰዓት ጠጋኞችን ጠይቂ። ጫፉን በጥፍርሽ ሞክሪው፤ ከቧጨረሽ አትግዢው።